ከወሰን የወጡ የፒክስል ዋጋዎች ፍተሻ

ከወሰን የወጣ የፒክስል ዋጋ ማለት በምስል ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ውስጥ የአንድ ፒክስል ቁጥር ከተለመደው ከ0 እስከ 1 ካለው ክልል አልፎ ሲገኝ ነው። ቁጥሩ ከ1 ሊበልጥ፣ ከ0 ሊያንስ፣ አልፎ ተርፎም ቁጥር መሆኑ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ፒክስል ብዙውን ጊዜ በዓይን አይለይም። ተራ የኮምፒውተር ስክሪን ከ1 በላይ የሆነውን ሁሉ እንደ 1፣ ከ0 በታች የሆነውን ሁሉ እንደ 0 አድርጎ ያሳየዋልና። በዚህ ምክንያት በፊልም፣ በማስታወቂያና በቴሌቪዥን ሥራ ላይ ምስል የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች በዓይናቸው ብቻ ሳይተማመኑ ቁጥሮቹን ራሳቸውን ይፈትሻሉ።

ከወሰን መውጣት ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። በመኪና መስታወት ላይ ያረፈ የፀሐይ ነጸብራቅ 30 የሚል ዋጋ ቢኖረው ካሜራው የመዘገበው እውነተኛ ብርሃን ነው፤ ቢቆረጥ መረጃ ይጠፋል። በጥላ ውስጥ ብቻውን 30 የሚል ፒክስል ቢገኝ ግን የስሌት ብልሽት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፍተሻው ዓላማ ከወሰን የወጣውን ሁሉ ማጥፋት ሳይሆን፣ የትኛው መቆየት እንዳለበትና የትኛው መታረም እንዳለበት መለየት ነው።

ፒክስል፣ ቻናልና ቅንብር

ዲጂታል ምስል የፒክስሎች ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ቢያንስ ሦስት ቁጥሮችን ይይዛል፤ እነሱም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠኖች ናቸው። እያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር ቻናል ይባላል። በቅንብር ሥራ ላይ አልፋ የሚባል አራተኛ ቻናል ይጨመራል። አልፋ ፒክስሉ ከበስተጀርባው ያለውን ምን ያህል እንደሚሸፍን ይናገራል፤ 0 ሲሆን ምንም አይሸፍንም፣ 1 ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ 0.5 ሲሆን ግማሹን ይሸፍናል። የአልፋን ሐሳብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ያፈለቁት በኒውዮርክ ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ይሠሩ የነበሩት አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትሙል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1984 በሉካስፊልም ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ የምስል ቅንብርን ሒሳብ በአንድ ጽሑፍ አደራጅተው አወጡ። ከቀመሮቻቸው ዋነኛው አንዱን ምስል በሌላው ላይ የሚያነባብረው ነው። ከፊት ያለውን ምስል ሀ፣ ከኋላ ያለውን ለ ብንለው እንዲህ ይጻፋል፦

ውጤት = ሀ + ለ × (1 − የሀ አልፋ)

እዚህ ላይ የሀ ቀለም አስቀድሞ በአልፋው ተባዝቷል። ቀመሩ የሚሠራው አልፋ በ0 እና በ1 መካከል ከሆነ ብቻ ነው። አልፋ ከዚህ ከወጣ ስሌቱ አይቆምም፤ ትርጉም የሌለው ውጤት ይሰጣል እንጂ።

የቁጥር አያያዝ

ከወሰን የወጣ ዋጋ ሊኖር የሚችለው ፋይሉ ወይም ሶፍትዌሩ እንዲህ ያለውን ቁጥር መያዝ ሲችል ነው። በ8 ቢት ምስል አንድ ቻናል 256 ደረጃዎች ብቻ አሉት፤ ከ0 እስከ 255። 255 እንደ 1 ይቆጠራል። ሁለት ምስሎች ሲደመሩ 200 እና 100 ቢገናኙ ድምሩ 300 ቢሆንም የሚቀመጠው 255 ነው። ትርፉ 45 ያለ ማስጠንቀቂያ ይጣላል። በ16 ቢት ሙሉ ቁጥርም ደረጃዎቹ 65,536 ይሁኑ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ ጣሪያው ከነጭ አያልፍም።

ፍሎቲንግ ፖይንት የሚባለው የቁጥር አያያዝ ይህን ጣሪያ አነሳው። በዚህ አያያዝ ቁጥሩ ምልክት፣ ኃይልና ዋና አሃዞች ባሉት ሦስት ክፍሎች ይጻፋል፤ ስለዚህ በጣም ትንሽም በጣም ትልቅም፣ ከዜሮ በታችም ሊሆን ይችላል። በፊልም ሥራ ሁለት ዓይነቶች ይዘወተራሉ።

• ሃፍ ወይም 16 ቢት ፍሎቲንግ ፖይንት፦ 1 ቢት ለምልክት፣ 5 ቢት ለኃይል፣ 10 ቢት ለዋና አሃዞች ይመድባል። የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 65,504 ነው። ቁጥሩ ሲያድግ በደረጃዎች መካከል ያለው ርቀትም ያድጋል፤ በ0.5 እና በ1 መካከል ርቀቱ 1/2048 ሲሆን በ1,024 እና በ2,048 መካከል ግን 1 ነው።

• 32 ቢት ፍሎቲንግ ፖይንት፦ ትልቁ ቁጥር 3.4 × 10 በ38 ኃይል ገደማ ነው። አብዛኛዎቹ የቅንብር ሶፍትዌሮች በውስጣቸው የሚያሰሉት በዚህ ነው።

ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ኦፕንኢኤክስአር የተባለውን የፋይል ዓይነት ለሕዝብ ክፍት ካደረገ በኋላ ፍሎቲንግ ፖይንት ምስል በፊልም ሥራ ላይ የተለመደ ሆነ። ያኔ በ8 ቢት ዘመን ተቆርጦ ይቀር የነበረው ትርፍ ብርሃን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መተላለፍ ቻለ። ከእርሱ ጋር ግን ነጌቲቭ ቁጥሮችና ብልሹ ዋጋዎችም መተላለፍ ጀመሩ።

በ32 ቢት የተሰላ ምስል በሃፍ ሲቀመጥ ሌላ አደጋ አለ። ለምሳሌ 70,000 የሚል ዋጋ በሃፍ ውስጥ ቦታ ስለማይኖረው ኢንፊኒቲ ሆኖ ይጻፋል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ደህና የነበረ ምስል ከፋይል ተመልሶ ሲከፈት ተበላሽቶ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከ1 በላይ የሆኑ ዋጋዎች

በሊኒየር ምስል የፒክስሉ ቁጥር ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል ያድጋል፤ ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩም እጥፍ ይሆናል። መካከለኛ ግራጫ 0.18፣ ነጭ ወረቀት ደግሞ 0.9 ገደማ ይሆናል። ከወረቀት የበለጠ የሚያበራ ነገር ሁሉ፣ ማለትም አምፖል፣ እሳት፣ ፀሐይና ነጸብራቅ፣ ከ1 ያልፋል። ኮዳክ ለፊልም ስካን ባዘጋጀው ሲኒዮን በተባለው ባለ 10 ቢት ሎግ አጻጻፍ ቁጥር 95 ጥቁር፣ ቁጥር 685 ነጭ ተደርጎ ሲተረጎም የመጨረሻው ቁጥር 1,023 በሊኒየር 13.5 ገደማ ይሆናል። የአሪ አሌክሳ ካሜራ ሎግ ሲ የተባለው አጻጻፍ በኤክስፖዠር ኢንዴክስ 800 ሲተረጎም ደግሞ እስከ 55 ገደማ ይደርሳል።

እነዚህ ቁጥሮች ለምን እንደሚያስፈልጉ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በጥቁር ሌሊት አንዲት የመንገድ መብራት በአንድ ፒክስል ላይ 20 የሚል ዋጋ አላት እንበል። ምስሉ ከፎከስ ውጭ የሆነ እንዲመስል ብርሃኗ በ5 × 5፣ ማለትም በ25 ፒክስሎች ላይ እኩል ቢበተን እያንዳንዱ 0.8 ያገኛል፤ በእውነተኛ ሌንስ እንደሚታየው ደማቅ ክብ ዓይነት ይወጣል። አስቀድሞ ዋጋዋ በ1 ተቆርጦ ከነበረ ግን እያንዳንዱ ፒክስል 0.04 ብቻ ያገኛል፤ የሚታየው ደብዛዛ ግራጫ ነው። ከመደብዘዙ በፊት ሁለቱ ምስሎች በስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ነጭ ነጥብ ነበሩ። ልዩነቱን ያኔ ሊያሳይ የሚችለው የቁጥር ፍተሻ ብቻ ነበር።

በሌላ በኩል ከ1 በላይ የሆነ ዋጋ ብልሽት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የብርሃን ጨረሮችን በዕድል እየመረጡ የሚያሰሉ የሬንደር ሶፍትዌሮች አልፎ አልፎ ከጎረቤቶቹ በሺህ እጥፍ የሚደምቅ ነጠላ ፒክስል ያወጣሉ። ይህ ፋየርፍላይ ይባላል። በቪዲዮ ውስጥ በአንድ ፍሬም ብልጭ ብሎ በሚቀጥለው ይጠፋል። ምስሉ ከደበዘዘ ደግሞ ነጥቡ ሰፍቶ ትልቅ ነጭ ምልክት ይሆናል። ትክክለኛውን ነጸብራቅ ከፋየርፍላይ የሚለየው የቁጥሩ ትልቅነት አይደለም፤ ከአጠገቡ ካሉት ፒክስሎችና ከቀጣዮቹ ፍሬሞች ጋር ያለው ዝምድና ነው።

ከዜሮ በታች የሆኑ ዋጋዎች

ከምንም ያነሰ ብርሃን የለም። ሆኖም ነጌቲቭ ፒክስሎች በየሥራው ይገኛሉ። ዋና ዋና ምንጮቻቸው የሚከተሉት ናቸው።

• መጠን መቀየርና ማጥራት፦ ላንዞስን የመሰሉ ፊልተሮች ጠርዝን ጥርት ለማድረግ ከጎረቤት ፒክስሎች የተወሰነ መጠን ይቀንሳሉ። በጣም ደማቅ ነገር ከጥቁር ጋር በሚዋሰንበት ጠርዝ ላይ ቅነሳው ከዜሮ በታች ያወርዳል።

• የቀለም ክልል ለውጥ፦ ሰፊ የቀለም ክልል ካለው ካሜራ ወደ ጠባቡ የቴሌቪዥን ወይም የስክሪን ክልል ሲቀየር፣ በጠባቡ ክልል ሊገለጽ የማይችል ቀለም ከቻናሎቹ በአንዱ ወይም በሁለቱ ነጌቲቭ ሆኖ ይወጣል። ሰማያዊ የኤልኢዲ መብራቶችና ኒዮን ጽሑፎች የታወቁ ምሳሌዎች ናቸው።

• ጥቁርን ማውረድ፦ የጥቁር ነጥብ በ0.05 ላይ ሲቀመጥ 0.02 የነበረው ፒክስል (0.02 − 0.05) ÷ 0.95፣ ማለትም −0.03 ገደማ ይሆናል።

• መቀነስ፦ የግሪን ስክሪን ቀለምን ከፊትና ከፀጉር ላይ ማንሳት ወይም አንዱን ምስል ከሌላው መቀነስ ከሚገባው በላይ ሊያወርድ ይችላል።

• የካሜራ ኖይዝ፦ በጣም ጥቁር በሆነ ቦታ የካሜራው ኖይዝ ከዜሮ ከፍና ዝቅ ይላል። በሲኒዮን አጻጻፍም ከ95 በታች ያሉት ቁጥሮች በሊኒየር ነጌቲቭ ይሆናሉ።

የመጨረሻው ምንጭ ነጌቲቭም ቢሆን ሁልጊዜ ጠላት እንዳልሆነ ያስረዳል። አንዱ ፒክስል 0.01፣ ጎረቤቱ −0.01 ቢሆኑ አማካያቸው 0 ነው፤ ትክክለኛ ጥቁር። ነጌቲቩ ተቆርጦ 0 ከተደረገ ግን አማካያቸው 0.005 ይሆናል። እንዲህ ያለው ልዩነት በሚሊዮኖች ፒክስሎች ላይ ሲደገም ጥቁሩ በጥቂቱ ይነጣል። ስለዚህ ኖይዝ የሚያጠፋ ሥራ ከመሠራቱ በፊት ነጌቲቮችን መቁረጥ አይመከርም።

ቁጥር ያልሆኑ ዋጋዎች

የፍሎቲንግ ፖይንት ሥርዓት መልስ ለሌለው ስሌት የተለየ ምልክት አለው። ናን ይባላል፤ ቁጥር ያልሆነ ማለት ነው። 0 ለ0 ሲካፈል፣ የነጌቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩት ሲፈለግ፣ ኢንፊኒቲ ከኢንፊኒቲ ሲቀነስ ወይም ኢንፊኒቲ በ0 ሲባዛ ናን ይወጣል። በቅንብር ሥራ ላይ የተለመዱት መንስኤዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቀለምን አልፋ 0 በሆነበት ቦታ በአልፋ ማካፈል ነው። ሁለተኛው ነጌቲቭ ፒክስል ላይ ጋማ መተግበር ነው፤ ጋማ ቁጥርን ወደ ክፍልፋይ ኃይል ስለሚያነሳ ለነጌቲቭ ቁጥር እውን መልስ የለውም። ብዙ ሶፍትዌሮች እነዚህን ሁኔታዎች አስቀድመው ይጠብቃሉ፤ ተጠቃሚው ራሱ በሚጽፈው ቀመር ውስጥ ግን ጠባቂ የለም።

ናን በሁለት ባሕርያቱ አደገኛ ነው። በመጀመሪያ ይስፋፋል። ናን የገባበት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት ሁሉ ውጤቱ ናን ነው። አንድ ናን ያለበት ምስል በ21 × 21 ፒክስል ስፋት ቢደበዝዝ 441 ፒክስሎች ይበላሻሉ። ሁለተኛ፣ በማስክ አይሸፈንም። ማስክ የሚሠራው በ0 በማባዛት ነው፤ ናን በ0 ሲባዛ ደግሞ አሁንም ናን ነው። በስክሪን ላይ እንደ ሶፍትዌሩ ዓይነት ጥቁር ወይም ሌላ ቀለም ያለው ቀዳዳ መስሎ ይታያል።

በስሌት ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት

ብዙዎቹ የማነባበሪያ ቀመሮች የተዘጋጁት ቁጥሮች በ0 እና በ1 መካከል ናቸው በሚል ግምት ነው። ግምቱ ሲፈርስ የሚከተሉት ይደርሳሉ።

ስክሪን በሚባለው ቀመር ውጤቱ ሀ + ለ − ሀ × ለ ነው። ጭስን ወይም ብልጭታን ለመጨመር ይጠቅማል። ሁለቱም 0.5 ሲሆኑ ውጤቱ 0.75 ነው። ሁለቱም 2 ሲሆኑ ግን 4 − 4 = 0 ይሆናል፤ ሁለት ደማቅ መብራቶች ተደራርበው ጥቁር ነጥብ ይፈጥራሉ። ሁለቱም 3 ሲሆኑ −3 ይወጣል። ኑክ የተባለው ሶፍትዌር ይህን ለማስቀረት ቀመሩን በ0 እና በ1 መካከል ላሉ ቁጥሮች ብቻ ተጠቅሞ ከዚያ ውጭ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይወስዳል።

በማባዛት ሁለት ነጌቲቮች ሲገናኙ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። −0.2 በ−0.5 ሲባዛ 0.1 ይሰጣል፤ ከጥቁር በታች የነበሩ ሁለት ጥላዎች ግራጫ ብርሃን ያወጣሉ።

በአልፋ ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው። የፊቱ ምስል ቀለም 0.5፣ አልፋው 1.2፣ የኋላው ቀለም 2 ቢሆን ውጤቱ 0.5 + 2 × (−0.2) = 0.1 ነው። የፊቱ ምስል የኋላውን መሸፈን ብቻ ሳይሆን እየቀነሰው ነው፤ በሰውየው ዙሪያ ጥቁር መስመር ይታያል። አልፋው −0.1 ቢሆን ደግሞ የኋላው በ1.1 ይባዛል፤ ባዶ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የደመቀ ጥላ ይታያል። ስለዚህ የቀለም ዋጋ ከ1 ማለፉ ሊፈቀድ ቢችልም የአልፋ ማለፍ ግን አይፈቀድም።

የፍተሻ መንገዶች

የፒክስል ንባብ። በቅንብር ሶፍትዌሮች መመልከቻ መስኮት ላይ ጠቋሚው ያረፈበት ፒክስል ቁጥሮች ይጻፋሉ። ለአንድ ነጥብ ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። ሚሊዮኖች ፒክስሎችን ግን እንዲህ መቁጠር አይቻልም፤ ስለዚህ የተመረጠ አካባቢን ትንሹንና ትልቁን ዋጋ የሚያሳይ መሣሪያ ይመረጣል።

የመመልከቻውን ኤክስፖዠር መቀየር። መመልከቻው ላይ ብርሃኑን መቀነስ ምስሉን ራሱን አይለውጥም፤ በነጭ ውስጥ የተደበቀውን ግን ይገልጣል። ብርሃኑ ሲቀነስ አንዱ ነጭ ቦታ የአምፖሉን ቅርጽ ካሳየ መረጃው አለ ማለት ነው፤ ወጥ የሆነ ግራጫ ከሆነ ቀድሞ ተቆርጧል። ነጌቲቮችን ለማየት ምስሉን ለጊዜው በ−1 ማባዛት ይበቃል። ነጌቲቭ የነበረው ሁሉ ብርሃን ሆኖ ይወጣል፣ ሌላው ይጠቁራል።

የሜዳ አህያ መስመር። በቪዲዮ ካሜራዎችና በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ላይ ከወሰን በወጡ ቦታዎች ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጀርባ ሰያፍ መስመሮች የሚያስምር ማስጠንቀቂያ አለ። ኑክ ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ ያልሆኑትን ፒክስሎች በዚህ መንገድ ማመልከት ይችላል።

ዌቭፎርምና ሂስቶግራም። ዌቭፎርም የምስሉን ዋጋዎች ከግራ ወደ ቀኝ በቁመት ያሳያል፤ ከ0 መስመር በታች የሚወርደውና ከ1 መስመር በላይ የሚወጣው ወዲያው ይታያል። ምስሉ ተቆርጦ ከነበረ በ1 ላይ እንደ ጣሪያ የተነጠፈ ቀጥ ያለ መስመር ይገኛል።

የመፈተሻ ማስክ። ይበልጥ አስተማማኙ ዘዴ ከወሰን ለወጡት 1፣ ለሌሎቹ 0 የሚሰጥ ቀመር ነው። ቀይን ቀ፣ አረንጓዴን አ፣ ሰማያዊን ሰ ብንላቸው ሦስት ማስኮች ይሠራሉ፦

• ከዜሮ በታች፦ ቀ < 0 ወይም አ < 0 ወይም ሰ < 0
• ከ1 በላይ፦ ቀ > 1 ወይም አ > 1 ወይም ሰ > 1
• ናን፦ ቀ ≠ ቀ ወይም አ ≠ አ ወይም ሰ ≠ ሰ

ሦስተኛው እንግዳ ቢመስልም ትክክል ነው። በፍሎቲንግ ፖይንት ሕግ ናን ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። በዚያው ሕግ ናን ከማንም ቁጥር አይበልጥም፣ አያንስምም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማስኮች ብቻቸውን ናንን አያገኙትም። የብርሃን ማነጻጸሪያ እንጂ ሦስቱን ቻናሎች ለየብቻ የማይፈትሽ መሣሪያም በቂ አይደለም፤ ቀይ −0.1 ሆኖ አረንጓዴ 0.8 ቢሆን አጠቃላይ ብርሃኑ ደህና ይመስላልና።

በትዕዛዝ መስመር መቁጠር። ብዙ ፍሬሞች ሲኖሩ ሰው መመልከቱ አያዋጣም። ኦፕንኢሜጅአይኦ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር የምስል ፋይልን አንብቦ የየቻናሉን ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን ዋጋ፣ እንዲሁም የናንና የኢንፊኒቲ ፒክስሎችን ብዛት ይዘረዝራል። ተጠቃሚው ከሰጠው ወሰን በታችና በላይ ያሉትን ፒክስሎችም ይቆጥራል።

ማስተካከያ

የመጀመሪያው ሥራ ምንጩን መፈለግ ነው። በኖድ በሚሠሩ ሶፍትዌሮች እንደ ኑክ፣ ናትሮን፣ ፊውዥንና የብሌንደር ኮምፖዚተር ውስጥ መመልከቻውን ከመጨረሻው ኖድ ወደ ኋላ አንድ በአንድ እያዛወሩ ብልሹው ፒክስል የጠፋበትን ቦታ ማግኘት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ኖድ ምንጩ ነው። ከምንጩ ማረም መጨረሻ ላይ ከመሸፈን ይሻላል፤ በመካከል ያሉት ስሌቶች ሁሉ በብልሹው ቁጥር ላይ ተመሥርተዋልና።

ክላምፕ የሚባለው ሥራ ከታችኛው ወሰን ያነሰውን ወደ ታችኛው፣ ከላይኛው የበለጠውን ወደ ላይኛው ያመጣል። ሁለቱን ወሰኖች ለየብቻ መጠቀም ይቻላል። በኑክ ግሬድ የሚባለው ኖድ ሲፈጠር ከ0 በታች ያለውን የሚቆርጠው ምርጫ በርቶ፣ ከ1 በላይ ያለውን የሚቆርጠው ጠፍቶ ይመጣል። ይህም በሙያው የተለመደውን ልማድ ያሳያል፤ ትርፍ ብርሃን ይጠበቃል፣ ነጌቲቭ ይቆረጣል። ለአልፋ ግን በሁለቱም በኩል መቁረጥ ተገቢ ነው።

ክላምፕ ናንን እንደሚያስወግድ መተማመን አይቻልም። ማነጻጸሪያዎቹ ሁሉ ሐሰት ስለሚሆኑ ውጤቱ ፕሮግራሙ እንዴት እንደተጻፈ ይወሰናል። ለናን ተስማሚው መድኃኒት በሦስተኛው ማስክ አግኝቶ በ0 ወይም በጎረቤቶቹ አማካይ መተካት ነው። መተካቱ የሚደረገው ምስሉ ከመደብዘዙ ወይም መጠኑ ከመቀየሩ በፊት መሆን አለበት።

ለፋየርፍላይ የአካባቢውን መካከለኛ ዋጋ የሚወስድ ሚዲያን ፊልተር ነጥቡ ላይ ብቻ ይተገበራል። በሬንደር ጊዜ መከላከልም ይቻላል፤ የብሌንደሩ ሳይክልስ የአንድ ጨረር ዋጋ እንዳይበዛ የሚገድብ ምርጫ አለው። ገደቡ ሲጠብቅ ግን እውነተኛው ነጸብራቅም አብሮ ይቀንሳል።

ከቀለም ክልል በወጡ ነጌቲቮች ላይ መቁረጥ የቀለሙን ዓይነት ይለውጣል፤ በሰማያዊ መብራት ዙሪያ ወጥና ሹል ጠርዝ ያለው ቦታ ይፈጠራል። ለዚህ ተብሎ በአካዳሚው የቀለም ሥርዓት በኤሴስ ስሪት 1.3 እ.ኤ.አ. በ2021 የቀለም ክልል ማመቂያ ተጨምሯል። ማመቂያው የወጡትን ቀለሞች በቅደም ተከተላቸው ወደ ውስጥ ይስባቸዋል እንጂ በአንድ ላይ አይከምራቸውም።

የቴሌቪዥን ወሰን

በቴሌቪዥን ከወሰን መውጣት ሌላ ትርጉም አለው። በ8 ቢት ቪዲዮ የብርሃን ምልክት ጥቁሩ 16፣ ነጩ 235 ነው፤ በ10 ቢት ደግሞ 64 እና 940። የቀለም ልዩነት ምልክቶች በ8 ቢት ከ16 እስከ 240 ይሄዳሉ። ከእነዚህ ውጭ ያለው ቦታ ለጊዜያዊ ከፍታና ዝቅታ የተተወ ነው። የስርጭት ተቋማት የቀረበላቸውን ፕሮግራም በመሣሪያ ፈትሸው ከተፈቀደው በላይ የወጣ ከሆነ ይመልሱታል። በአውሮፓ ለዚህ መመዘኛ የሚሆነው የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ዩኒየን አር 103 የተባለው ምክረ ሐሳብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ የምርመራ ፍንጭ አለ። ከ0 እስከ 255 የተጻፈ ፋይል በስህተት ከ16 እስከ 235 እንደተጻፈ ተቆጥሮ ከተነበበ ጥቁሩ (0 − 16) ÷ 219፣ ማለትም −0.073፣ ነጩ ደግሞ (255 − 16) ÷ 219፣ ማለትም 1.091 ይሆናል። በተቃራኒው ስህተት ጥቁሩ 0.063፣ ነጩ 0.92 ይሆናል። በፍተሻ እነዚህ ቁጥሮች ከተገኙ ችግሩ ቀለሙ ሳይሆን የፋይሉ አነባበብ ነው። መፍትሔውም ክላምፕ ሳይሆን የአነባበቡን ምርጫ ማስተካከል ነው።

ለተማሪዎች የሚሆን ሙከራ

ብሌንደርና ናትሮን በነፃ የሚገኙ ስለሆኑ ከላይ የተገለጸውን ማንም ሊሞክረው ይችላል።

1. ከግራ ወደ ቀኝ ከ−0.5 እስከ 2 የሚያድግ የብርሃን ሽግግር ይሠራል። በስክሪን ላይ የግራው አንድ አምስተኛ ጥቁር፣ የቀኙ ሁለት አምስተኛ ነጭ ሆነው ይታያሉ።
2. ጠቋሚውን በጥቁሩና በነጩ ላይ እያንቀሳቀሱ ቁጥሮቹ እንደሚለዋወጡ ይታያል።
3. ምስሉ በ−1 ይባዛል፤ ጥቁር የነበረው የግራ ክፍል ይበራል።
4. ከመጀመሪያው ምስል ላይ ከ0 በታችና ከ1 በላይ የሚሉት ማስኮች ይሠራሉ።
5. ምስሉ በሁለት ቅጂ ይወጣል፤ አንዱ እንዳለ፣ ሌላው በክላምፕ። ሁለቱም በ0.5 ይባዛሉ። ባልተቆረጠው ቅጂ የቀኙ ክፍል ከ0.5 ወደ 1 የሚያድግ ሽግግር ያሳያል፤ በተቆረጠው ግን ወጥ የሆነ 0.5 ብቻ ይገኛል።

በአምስተኛው ደረጃ የሚታየው ልዩነት የተቆረጠ መረጃ በኋላ ብርሃንን በመቀነስ እንደማይመለስ ያረጋግጣል። ስለሆነም በሥራ ላይ ፍተሻው ቢያንስ በሦስት ቦታዎች ይደረጋል፤ ምስሉ ከሌላ ክፍል ሲደርስ፣ ከማደብዘዝ ወይም ከመጠን ለውጥ በፊት፣ እና የመጨረሻው ፋይል ተጽፎ ተመልሶ ሲከፈት።